ፈንጃ ላይ የጾምኩበት ዓርብ

ባለቤቴን ብስክሌት ላስተምራት ነበር ያሰብኩት። አሁን ሳስታውሰው ሳቄ ይመጣል፤ የዚያን ሰሞን ግን ነገሩን የምር ይዤው ነበር። ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩትን የሴት ብስክሌት ሳሎን መሃል አቁሜ፣ ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን አስረዳት ነበር። እሷ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ በትሕትና ታዳምጠኛለች። የሚያስፈራኝም ያ ትሕትናዋ ነበር።

ከተጋባን ሰባት ዓመት ሆኖናል፤ አብረን የኖርነው ግን ሁለቱን ብቻ ነው። እኔ ለአንድ ተቋራጭ መሐንዲስ ሆኜ ወደ መስካት ስመጣ እሷ ባሕር ዳር ኬሚስትሪ ታስተምር ነበር። ‹አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ› ያልኩት አምስት ሆነ። ቪዛው ሲገኝ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ይጠፋል፤ ፈቃዱ ሲገኝ ቪዛው ያልፍበታል። በመጨረሻ የሦስት ወር ፈቃድ ያለ ደመወዝ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ሰሞን ፍሪጁን ለመክፈት ታስፈቅደኝ ነበር። ፎጣዋን ሆቴል እንዳረፈ ሰው አጣጥፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች። ሻይ ሳቀርብላት ‹አመሰግናለሁ› ትለኛለች። እኔም ግራ ሲገባኝ ‹ምንም አይደል› እላለሁ። ሁለት ወር ተኩል እንዲህ ስንከባበር ከረምን።

ስምምነታችን ግልጽ ነበር። ፈቃዷ ሲያልቅ ወይ ሥራዋን ለቅቃ ከእኔ ጋር ትቀራለች፣ ወይ ተመልሳ ትሄዳለች። ማንም ማንንም አይገፋም፤ እሷ ወስና ትነግረኛለች። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔው ነኝ፤ የሠለጠነ ባል ልመስል ብዬ። በማግስቱ ጠዋት ጸጸተኝ። የእኔ ተፈጥሮ መግፋት ነው፤ አፍን ዘግቶ መጠበቅ አልተሰጠኝም። ያ ዓርብ ሲደርስ የመመለሻ ትኬቷ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ እሷ ግን ስለ መቅረትም ስለ መሄድም ትንፍሽ አላለችም።

ብስክሌቱን የጀመርኩት እዚሁ ነው፤ በሠላሳ ሰባት ዓመቴ። የምኖረው አል ኹድ፣ ከአንድ የልብስ እጥበት ቤት በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የዕረፍት ቀናችን ዓርብ ለብቻው ለሚኖር ሰው የሚያልቅ ቀን አይደለምና አንድ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ሰውን ለመጣል ነፋሱ ብቻውን ይበቃል፣ ብስክሌት አያስፈልግም። ስለዚህ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየወደቅኩ እየተነሣሁ ብቻዬን ተማርኩ፤ ብቻውን የተማረ ሰው ደግሞ እንደምታውቁት ማስተማር ይወዳል። የባሕር ዳር ሰው ብስክሌት እንደሚነዳ አገር ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን የማውቀው የሐረር ሰው ጅብ ያበላል እንደሚባለው ነው። የገዛ ሚስቴ ጅብ ታበላለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአሮጌው አል ኹድ ተነሣን። አሮጌው መንደር ዋዲው አፍ ላይ ነው፤ ጣራቸው የወረደ የጭቃ ቤቶችና ግማሹ የፈረሰ ግንብ ብቻ ቀርቶታል። ዋዲ የሚሉት የወንዝ ሸለቆ ነው፤ አንዳንዴ ጎርፍ ይዞ ይወርዳል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጠጠርና እዚህም እዚያም ኩሬ ነው። ይህኛው በተራሮቹ መሃል እየተጠማዘዘ ወደ ላይ እስከ ፈንጃ ይደርሳል፤ ፈንጃ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች የጥንት ከተማ ናት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ከግማሽ ተመልሻለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

ኮርቻዋን ያዝኩላትና ‹አትፍሪ፣ ከኋላ እይዝሻለሁ› አልኳት።

‹እሺ› አለችኝ፣ በዚያው ትሕትናዋ።

የሄልሜቴን ማሰሪያ ለማጥበቅ አንድ እጄን አነሣሁ። ቀና ስል የለችም። ፔዳሉ ላይ ቆማ፣ ክርኗን ከፈት አድርጋ፣ ያንን እኔ ሁልጊዜ ወርጄ የምገፋበትን ድንጋያማ ቁልቁለት እየበረረች ወርዳ፣ ኩሬውን ሰንጥቃ ማዶ ተሻገረች። እጄ አየር ላይ ቀረ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። ዞራ መጣችና አጠገቤ አቆመች፤ ፊቷ በርቷል።

‹አንተ፣ እኔ እኮ በስድስት ዓመቴ የአባቴን ብስክሌት በብረቱ መሃል እግሬን አሾልኬ ነው የነዳሁት። ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ትምህርት ቤት የሄድኩት በብስክሌት ነው።›

‹ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ሳስረዳሽ ለምን ዝም አልሽ?›

‹ደስ ብሎህ ስትናገር አየሁህና ተውኩህ።›

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጀርባዋን እያየሁ ሄድኩ ማለት ይቻላል። ጠጠሩ ሲበዛ ወዴት ማርሽ እንደምትቀይር፣ ኩሬ ስትገባ እንዴት ፔዳሏን ሳታቋርጥ እንደምትመታ አያለሁ፤ እንደሷ አደርጋለሁ፤ አይሆንልኝም። የካቲት አልገባም ነበርና አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ከግራ ከቀኝ ቡናማ ተራራ፣ ከሥሩ የቴምር እርሻ፣ በእርሻው ጥግ ፈለጅ የሚሏት ጠባብ የመስኖ ቦይ። ቦይዋን ሳይ ምሕንድስናዬ ተነሣና ውሃው ያለ ሞተር ከተራራው ሥር እንዴት እንደሚመጣ ማስረዳት ጀመርኩ። አልሰማችኝም፤ ርቃለች። ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? በሚስቱ የተቀደመ ሐበሻ ወንድ ደስ አይለውም ይባላል። እኔን ግን ደስታው ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶኝ ነበር፤ ያቺ ከፊቴ የምትሄደው ሴት እንግዳዬ ሳትሆን ሚስቴ ነበረች።

ያን ጊዜ ነው ለመቅደም የሞከርኩት። ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነበር፤ በአቋራጭ እቀድማታለሁ ብዬ በመሃል ገባሁ። ከውሃው በታች ያለው ድንጋይ አረንጓዴ እንደለበሰ አላየሁም። ብስክሌቱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ቀና ስል ውሃው ደረቴ ላይ ነው፤ ትንንሽ ዓሦች ሸሚዜ ውስጥ ገብተዋል። እሷ ማዶ ቆማ አየችኝ። መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ‹ተጎዳህ?› ልትለኝ ነበር መሰለኝ፣ አልቻለችም። መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም። እንደገና ልወድቅላት ዝግጁ ነበርኩ።

ጉዳቱ ቆይቶ ነው የታወቀኝ። ከኋላ ካሰርኳቸው ሁለት ትልልቅ የውሃ ጠርሙሶች አንዱ ድንጋይ ላይ ፈንድቷል። የቀረውን ለሷ ሰጠኋትና ‹እኔ ጠጥቻለሁ› አልኳት። አልጠጣሁም። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ ዋዲ ውስጥም አይለቅም።

አንድ የግራር ጥላ ሥር አረፍ ስንል፣ ጠጠር እያነሳች ወደ ኩሬው እየወረወረች፣ ሳታየኝ እንዲህ አለች።

‹እዚህ ብቀር ምን እሆናለሁ? ጠዋት ትወጣለህ፣ ማታ ትመጣለህ። አገሬ አርባ ተማሪ ቁጭ ብሎ እኔን ይጠብቃል። እዚህ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው እኔ ነኝ።›

ስለ ጉዳዩ አፏን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ነው። ‹ሥራ እኮ ይፈለጋል፣ ሲብ ከተማ ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶች...› ብዬ ስጀምር እጇን አነሣች።

‹አልገፋም ብለሃል።›

‹አልገፋሁም። ተነፈስኩ እንጂ።›

‹ያንተ መተንፈስም ይገፋል።›

ተነሥታ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ፈንጃ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ኮረብታው ላይ የድሮዎቹ ቤቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ከላያቸው ክብ ግንብ አለ፣ ከሥራቸው ዋዲው ዳር ድረስ የቴምር ዛፍ ነው። ደርሻለሁ! በሦስተኛው ሙከራ፣ በሚስቴ ጀርባ እየተጎተትኩም ቢሆን። ግን ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። ዓርብ ስለሆነ ሱቆቹ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ተዘግተዋል። ለእኛም ዓርብ ጾም ነውና ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም።

ሶላቱ አልቆ ሰው ሲወጣ፣ በትር የያዙ ነጭ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ወደ እኛ መጡ። ጭቃ የተለቀለቀውን ልብሴን፣ ሁለቱን ብስክሌቶች፣ ሚስቴን ተራ በተራ አዩ። ከየት እንደመጣን ጠየቁኝ። በአረብኛ ነገርኳቸው፤ አምስት ዓመት ሳይት ላይ የተማርኩት አረብኛ ነው፣ ክፉ አይደለም። ‹ተፈደሉ›፣ ኑ ግቡ፣ አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። እዚያ አገር ይህ ግብዣ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ግቢው በር ላይ አንዲት ልጃቸው መጥታ ባለቤቴን በእጇ ይዛ ወደ ሴቶቹ ክፍል ወሰደቻት። ባለቤቴ ‹ሹክረን› ብላ ከማመስገን በቀር አንድ የአረብኛ ቃል አታውቅም። ‹አይዞሽ፣ ችግር ካለ ጥሪኝ› አልኳት፤ አሁንም ላስተምር።

እኔን የወንዶቹ ክፍል አስገቡኝ። ሽማግሌው፣ ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ልጆቻቸውና እኔ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ፊት ለፊቴ የቴምር ሳሕን፣ የቡና ጀበና፣ በቅዝቃዜው ላብ ያወጣ የውሃ ጆግ ተደረደረ። እጄን ወደ ጆጉ ልዘረጋ ስል ትልቅ ትሪ ገባ፤ ተራራ የሚያህል ሩዝ፣ ከላዩ የተጋደመ የፍየል ሥጋ። ሽማግሌው በእጃቸው ምርጡን ቁራጭ ቆርሰው ወደ እኔ በኩል አስጠጉ። ዓርብ ነው፤ ሥጋ አልበላም። በቀላሉ ‹ሥጋ አልበላም› ማለት ይበቃ ነበር። ግን ግርግር ሲበዛብኝ አረብኛዬን ማሳየት እወዳለሁ።

‹ይቅርታ አባት› አልኩ ቀና ብዬ፣ ‹ነሕነ ሷይሚን።› እኛ ጾመኞች ነን።

አንደኛው ልጅ አፉ ጋ ያደረሰውን ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ገባኝ። እነሱ ጾም ካሉ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠብታ ውሃም የለም። አምስት ረመዳን አብሬያቸው ያሳለፍኩ ሰው ይህን አጥቼው አይደለም፤ ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኢትዮጵያዊ ሙስሊም እዚያ አገር ብዙ ነውና ከእነሱ አንዱ መስያቸዋለሁ፤ ከረመዳን የቀረብኝን ቀን የምከፍል።

‹ማሻ አላህ› አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ‹በብስክሌት፣ ይህን ሁሉ መንገድ፣ በጾም!› ከዚያ እጃቸውን አጨበጨቡ። ትሪው ወጣ። ቴምሩ ወጣ። ጀበናው ወጣ። ጆጉም ከፊቴ ተነሥቶ በበሩ ሲወጣ በዓይኔ ሸኘሁት። ‹እንግዳ ጾሞ እኛ አንበላም› አሉ ሽማግሌው። ‹እስከ መግሪብ እዚሁ ታርፋላችሁ። አብረን እናፈጥራለን።› ትራስም አመጡልኝ።

መግሪብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ አምስት ሰዓት ይቀረዋል። ሁለቱ ልጆች አዩኝ። ራት ሳይበሉ ያደሩ ይመስላሉ። ሥጋው ከጓሮ በኩል ይሸታል። አሁን ‹የእኛ ጾም እኮ ውሃ አይከለክልም› ብላቸው ከዚያ ሁሉ ማሻ አላህ በኋላ ውሸታም ልሆን ነው፤ ዝም ብል በጥም ልሞት ነው። ይሉኝታ አሸነፈኝና ዝምታውን መረጥኩ። የጻድቅ ፊት ለማሳየት ሞከርኩ። ሽማግሌው ስለ ጎርፍና ስለ ቴምር ያወሩኛል፤ እኔ የምሰማው ከግድግዳው ማዶ ያለውን ነው። ሳሕን ይንኳኳል። ውሃ ሲቀዳ ይሰማል፣ እየተንዶለዶለ። ሴቶች ይስቃሉ፤ ከሳቆቹ መሃል አንዱን አውቀዋለሁ።

ማዶ የሆነውን በኋላ ነው የነገረችኝ። ሥጋ ሲያቀርቡላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ ቴምሩ ጠቆመችና በላች። በቃ፣ ይኸው ነው። ብርቱካን፣ ዳቦ፣ ጥቁር ሻይ፣ በላይ በላዩ አመጡላት፤ ጾሟም አልፈረሰ። ‹እንግዶቹ ጾመኞች ናቸው› የሚለው ወሬ ከእኛ ክፍል ሲደርሳቸው እሷ ሦስተኛ ብርቱካኗ ላይ ነበረች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሴት የማትጾምበት ቀን እንዳላት ያውቃሉ፣ ምክንያቱን አይጠይቁም። ብርቱካን ጨመሩላት።

ያዳነችኝ ያቺ ልጃቸው ናት። አል ኹድ ባለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆነች እንግሊዝኛ ትችላለች። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ‹ባልሽ ግን በጾም ጎበዝ ነው› አለቻት። ባለቤቴ ‹እሱ? እሱማ ውሃ ካጣ ሰዓት አይቆይም› አለችና ነገሩን አስረዳቻት፤ እኛ ክርስቲያኖች እንደሆንን፣ ዓርብ የምንተወው ሥጋና ወተት ብቻ እንደሆነ። ልጅቷ ወደ በራችን መጥታ ለአባቷ በአረብኛ ተናገረች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

‹ውሃ ትጠጣለህ?›

‹እጠጣለሁ፣ አባት።›

‹ቴምርስ?›

‹ቴምርም እበላለሁ።›

ለአፍታ በሩ ላይ ያለችውን ልጃቸውን፣ ከዚያ የተራቡትን ወንዶች ልጆቻቸውን አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ በትራቸው ከጭናቸው ላይ ተንሸራቶ እስኪወድቅ። ልጆቹ ግን አልሳቁም፣ ትሪው ወዳለበት እየሮጡ ሄዱ። እኔ አምስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ስድስተኛውን ስቀዳ ጆጉ አለቀ። ሩዙንም ከዳር ከዳሩ፣ ሥጋው ያልነካውን መርጠው በእጃቸው አቀረቡልኝ።

ጠግቤ ወደ ግቢው ስወጣ ባለቤቴ እየሮጠች ነበር። ተማሪዋ ልጅ ጥቁር አባያዋን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ባለቤቴ ከኋላ ኮርቻውን ይዛ ‹እዪ ወደፊት! ወደፊት እንጂ ወደ መሬት አትዪ!› ትላታለች፣ በአማርኛ። ልጅቷ የምትሰማት ይመስል ወደፊት ታያለች። እናትየው ጥላው ውስጥ ቆመው እልል አሉ። ባለቤቴ ኮርቻውን ለቀቀች፤ ልጅቷ ብቻዋን እስከ ግድግዳው ሄደች፣ ተጋጨች፣ ተነሥታ ‹እንደገና!› አለች። ባለቤቴ ሹሩባዋ ተፈቶ ፊቷ ላይ ወድቋል፤ ላቧን በክንዷ ትጠርገዋለች። ክፍሏ ውስጥ ስታስተምር አይቻት አላውቅም። እንዲህ ትሆን ነበር ማለት ነው። ይህን ትታ እኔ ዘንድ ቁጭ እንድትል መመኘቴ በዚያች ቅጽበት አሳፈረኝ፤ ብትሄድም እንደማልፈርድባት አወቅኩ።

እንዳይመሽብን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሣን። ሽማግሌው ቴምር የሞላ ከረጢት ከብስክሌቴ ኋላ በገዛ እጃቸው አሰሩልኝ፤ እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኙን። ባለቤቴ ከፊት ከልጅቷ ጋር እየሄደች ነው። ሽማግሌው ትከሻዬን ያዙ።

‹ስትመጡ ግን ጾም ባልሆነ ቀን አድርጉት።›

‹እንሻ አላህ፣ አባት› አልኩ፣ እንግዳ እንደሚለው።

‹እንሻ አላህ ብቻ አይደለም። ሚስትህ ለሚስቴ ቃል ገብታለች። ለቴምሩ ለቀማ ትመጣለች፤ ልጄንም ዓርብ ዓርብ አል ኹድ ላይ ብስክሌት ልታስተምራት ተስማምተዋል።›

‹ለቀማው መቼ ነው?›

‹ሙቀቱ ሲበረታ ነው እንጂ! ከአምስት ወር በኋላ።›

የመመለሻ ትኬቷ እኮ አሥራ አምስት ቀን ነው የቀረው፤ ሽማግሌውን ምን ብዬ እንደተሰናበትኩ አላስታውስም። ባለቤቴ ልጅቷን ሁለት ጊዜ ሳመቻትና ወደ ዋዲው ቁልቁል ተለቀቀች። እኔም ተከተልኩ። መቼም በዚያ ፍጥነት ነድቼ አላውቅም፤ ሁለት ኩሬ አልፌ ነው የደረስኩባት።

‹ቆይ!› አልኳት እያለከለክሁ። ‹ለቴምር ለቀማ ቃል ገባሽ?›

ፍሬን ያዘችና አንድ እግሯን መሬት አደረገች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

‹ገባሁ።›

‹ለእነሱ ከእኔ በፊት ነገርሻቸው?›

‹ለእነሱ ይቀላል› አለችኝ። ‹ለአንተ ብነግርህ ታለቅሳለህ ብዬ...›

ጨርሳ አልተናገረችውም፤ እኔ ጀምሬ ነበር።